የባሌ ወንድም ያሳደጋቸው ዛፎች

ይህን የምጽፍላችሁ ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር። ቦታው የባሌ አባት ግቢ።

አባትየው ካረፉ ወዲህ እዚያ የሚኖረው የባሌ ታላቅ ወንድም ብቻ ነው። ሰፈርተኛው "ጠምዛዡ" ይለዋል።

ሥራው ዛፍ ማሳደግ ነው። ግን እንደ ሌላው ሰው ተክሎ አይተውም። ለጋውን ችግኝ በሽቦ ያስራል፣ ያጎብጣል፣ ልጣጩን ፍቆ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ያጋጥማል። ቁስሉ ሲሽር ሁለቱ አንድ እንጨት ይሆናሉ። ዓመታት ሲያልፉ ዛፉ ወንበር ይሆናል፣ ፈረስ ይሆናል... ሕይወቱ ሳይወጣ።

ወንድማማቾቹ ዓይንና ናጫ ናቸው። የዚያን ቀን የሄድነው ግቢው ውስጥ ቤት ልንሠራ እንደሆነ፣ ዛፎቹም እንደሚቆረጡ ልንነግረው ነው። እኔ ሰውየውን አይቼው አላውቅም።

በሩን ከፈተ። ሰላም አላለንም።

"ሚስትህ ናት?"

"አዎ።"

ፊቴን አላየም። አንገቴን ነው ያየው... ልብስ ሰፊ ለልኬት እንደሚያይ።

"ቁመቷን አልሳትኩም" አለ ለራሱ።

ወዲያው ጭቅጭቅ ጀመሩ። እኔ ጆሮዬ ሲደክም ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ጓሮው ውስጥ ወፍ የለም። ንፋስ አለ... ቅጠል ግን አይንቀሳቀስም።

ሰዎች ቆመዋል።

ዛፎች ናቸው... ግን ሰዎች። አንደኛው ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ነው። አማቴን በፎቶ ስለማውቃቸው ወዲያው ለየኋቸው። ደርቀዋል። አንድ ቅጠል የለባቸውም።

ከጎናቸው አንዲት ሴት አለች... ለምለም።

አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። የግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ አጥንቱ ላይ ጉብታ አለ።

እኔ ልጅ ሆኜ ከደረጃ ወድቄ የግራ ትከሻዬ ተሰብሯል። ልክ እንደዚያው ነው የቀረሁት።

እጄን ትከሻዬ ላይ ጫንኩ። ከዚያ እሷ ላይ...

ጉብታው ያው ነው።

"አትንኪያት።"

ሹክሹክታ ነው። ጠምዛዡ ከኋላዬ ቆሟል።

"መቼ ነው የተከሏት?"

"ባልሽ ፊደል ሲቆጥር።"

"ታዲያ እኔን የት ያውቁኛል?"

"አላውቅሽም። የእኔ ሥራ ማሰር ነው። ምን እንደምትሆን የምታውቀው እሷ ናት።"

ባሌ ንግግራችንን ሰምቶ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መጋዝ አንሥቶ እየሮጠ መጣ።

"ዛሬውኑ ነው የምጥላት!"

"ጣላ" አለ ወንድሙ ረጋ ብሎ። "የአባባን ሥር ማን የቆረጠው መሰለህ? በማግስቱ ነው ያረፉት።"

የባሌ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ አወጣሁት።

በሳምንቱ ረፋድ ላይ የጠምዛዡ ጎረቤት ደወለ። በሩ ክፍት ነው፣ ሰውየው ቢጠሩት ቢጠሩት አይመልስም አለን። ባሌ እያንገራገረ ተነሣ። ሄድን።

ጠምዛዡ ጓሮ ነበር።

ከዛፎቹ መሀል ቆሟል። እጁ፣ ወገቡ፣ አንገቱ... በሽቦ ታስሯል። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አፈር ውስጥ ነው።

"ጋሼ!" ባሌ ጮኸ። ጠቡን ሁሉ ረሳው። "ማነው ያሰረህ? ጋሼ!"

ጠምዛዡ ዓይኑን ገለጠ።

"ቀስ... አትፍታኝ" አለ። "ገና ሥሬ አልያዘም..."

ባሌ ቋጠሮውን ፍለጋ ዞረ። የወንድሙ ጀርባ ላይ አገኘው፤ የታሰረው ሰው የራሱ እጅ ፈጽሞ ሊደርስ የማይችልበት ቦታ።

እኔ ቋጠሮውን አላየሁም። እኔን የምትመስለውን ዛፍ እያየሁ ነበር።

ባለፈው እሑድ ባዶ በነበረው ቀኝ እጇ የሽቦ መጠምዘዣ ፒንሳ ይዛለች።

ልጣጯ እጀታውን ውጦታል... ለዓመታት ይዛው እንደኖረች።