በመዝገብ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ያዡ በመደርደሪያዎቹ መካከል በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ክፍሉ ዓርብ ከሰዓት የምስጥ መርዝ ተረጭቶበት ነበር። በሩ ላይ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። አንደኛው የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ነው፤ «ኬሚካሉ ከተረጨበት ጊዜ አንስቶ ለአንድ መቶ ሃያ ተከታታይ ሰዓታት» እያለ ይቀጥላል፤ እሱን እስከ መጨረሻው ያነበበ የለም። ሁለተኛው የማስታወቂያ አስረጂዋ ሥራ ነው፤ አጭርና ግልጽ። «ሰኞ ጠዋት መግባት ይቻላል» ይላል።

አስረጂዋ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። መሥሪያ ቤቱ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ ለማንም በሚገባ ቃል መልሳ የምትጽፈው እሷ ናት። ረቡዕ ብላ የጻፈች ይመስላታል። ግን ዓርብ ዕለት ስድስት ማስታወቂያ ነበረባት። ሰዓቱን ስትቆጥር ተሳስታ ቢሆንስ? ያ ደግ ሰው የሞተው በእሷ እጅ ቢሆንስ?

«ምን ምርመራ ያሻዋል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ልጅቷ ተሳስታ ሰው ገደለች። በሕግ ትጠየቅ።»

«ቀስ ይበሉ» አለ መርማሪው። ይህችን ቃል ከአፉ ስለማይለያት ባልደረቦቹ «ቀስበሉ» ብለውታል። አጭር ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። መጀመሪያ ፀሐፊዋን ጠየቀ።

«የሰጠችኝን ነው የተየብኩት፤ ምን እንደሚል ግን አላስታውስም» አለች። «የጽሕፈት መኪናው ኮሪደር ላይ ስለሆነ ማንም ይነካዋል።»

«ሟቹ ለምን እንዲህ ማልዶ ገባ?»

«ዛሬ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ያ የቦታ ማስታወቂያ የተቀመጠበትን መዝገብ ሊሰጣቸው ነው።»

«የትኛው የቦታ ማስታወቂያ?»

«ቦታው ሊወሰድ ነው፣ ተቃውሞ ያለው በሠላሳ ቀን ይቅረብ የሚለው» አለች አስረጂዋ። «እኔ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ነው። ሰሌዳ ላይም አልወጣም። ሰዎቹ ሳይሰሙ ቀኑ አለፈና ቤታቸው ፈረሰ።»

ቀስበሉ አጭሩን ወረቀት ከበሩ ላይ በጥፍሩ ላጠና ገልብጦ አየው። በሩ ላይ፣ ወረቀቱ ከነበረበት ከፍ ብሎ፣ የሌላ ወረቀት ፕላስተር ምልክት ቀርቷል።

«እህቴ፣ ከመለጠፍሽ በፊት የምታሳይው ሰው አለ?»

«ለዘበኛው አነብላቸዋለሁ» አለች አስረጂዋ። «ማንበብ አይችሉም። ከገባቸው በራሳቸው አፍ መልሰው ይነግሩኝና ጀርባው ላይ አውራ ጣታቸውን ያትማሉ። ካልገባቸው ቀድጄ እንደገና እጽፋለሁ። ከዚያ ፀሐፊዋ ማኅተም ታስመታለች።»

«ስለ ጣቱ ማን ያውቃል?»

«እኛ ሁለታችንና ፀሐፊዋ። ቀለሙን የምትሰጠን እሷ ናት።»

ዘበኛው ዕረፍት ላይ ስለነበሩ ሰው ተልኮ መጡ። ከሰዓት ቀስበሉ ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰባቸው።

«አባባ፣ ዓርብ ምን አነበበችልዎት?»

«‹መርዝ ተረጭቷል። እስከ ረቡዕ ማታ ማንም አይግባ፤ የገባ ይሞታል።› እኔም እንዲሁ መለስኩላትና አተምኩ።»

አስረጂዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሁሉ ገልብጫለሁ» አለ ቀስበሉ። «ጣት የሌለበት የለም። የዚህ ጀርባ ግን ንጹሕ ነው። እንግዲህ የእሷ ወርዶ ሌላ ተተክቷል። ማን ተካው? ፀሐፊዋ ብትሆን ጣቱን አትረሳም ነበር፤ ቀለሙ ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ማኅተሙ ደግሞ እውነተኛ ነው። የት ነው የሚቀመጠው?»

«በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ» አለች ፀሐፊዋ። «ቁልፉ ከኪሳቸው አይወጣም።»

«የቦታውን ማስታወቂያ ያስቀረው ሰው መዝገቡ እንዳይወጣ ይፈልጋል» አለ ቀስበሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ። «አምስት ዓመት ሙሉ ማኅተም ሲመቱ፣ ጌታዬ፣ አንድ ቀን ገልብጠው አላዩም።»

ሥራ አስኪያጁ ላብ አጠመቃቸው። «የወረቀት ጀርባ ማን ያያል?» አሉ፤ ያሉትን የሰሙት ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው።

ከተወሰዱ በኋላ መሥሪያ ቤቱ «በደረሰው ድንገተኛ ክስተት የተሰማንን» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። አስረጂዋ ለመጻፍ ተቀመጠች። ነጻ ወጥታለች፤ አንዱን ቃል ግን ሦስት ጊዜ ሰርዛ ጻፈችው። ሰው ቃሏን አምኖ በር ከፍቶ እንደሚገባ እስከ ዛሬ አስባው አታውቅም ነበር።

ጽፋ ስትጨርስ ለዘበኛው አነበበችላቸው።

«ወዳጃችንን ሰው ገደለው» ብለው መለሱላት። «መርዙም ስህተቱም አይደለም። ሰው ነው።»

ቀለሙን አቀረበችላቸው። ወረቀቱን ሊገለብጡ ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«ከፊት ያትሙት፣ አባባ» አለቻቸው። «ሁሉም ይየው።»