ጥላዬን ያዥልኝ

እናቴን ልጠብቃት... ወይስ ላልቅሳት?

ይህን ጥያቄ ከሚያዝያ ጀምሮ ተሸክሜዋለሁ። መልሱን የሚያውቅ ከእናንተ መካከል ካለ ይንገረኝ።

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጡ ታሪኮችን "ፈጠራ ነው" እያልኩ የማልፍ ሰው ነበርኩ። የራሴን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ያየሁት በሕልሜ አይደለም። በጨለማም አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቢቸና፣ ሰው በሚተራመስበት መናኸሪያ አጠገብ። ዓመቱ 2010 ነው።

ሳባ እባላለሁ። ያደግሁት ሞጣ ነው። ኮምፒውተር የተማርኩት ደግሞ ቻይና፣ ሐርቢን የሚባል ብርዳም ከተማ። ከስድስት ዓመት በኋላ ስመለስ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ሞጣ ስሆን ባሕር ዳር ያምረኛል፤ ባሕር ዳር ስደርስ ሞጣ። እዚያ የተማርኩትን እዚህ እጠራጠረዋለሁ። እዚህ የሚታመነውንም እንደ ድሮው ማመን አልቻልኩም።

በዚህ መሀል ነው አንድ የስልክ መተግበሪያ መሥራት የጀመርኩት። ስሙ "እዚህ ምን ነበር?" ነው።

ስልካችሁን ወደ አንድ ቦታ ታዞራላችሁ። ካሜራው ዛሬ ያለውን ያሳያችኋል። መተግበሪያው ደግሞ የፈረሰውን በቦታው መልሶ ያቆመዋል። ባዶ ሜዳ ላይ የድሮው ቤት ስክሪናችሁ ውስጥ ይነሳል። ዙሪያውን እየዞራችሁ ታዩታላችሁ።

ሐውልት ያልቆመለትን፣ ሰው ረግጦት የሚያልፈውን ቦታ ለማሳየት ነው እያልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገር ነበር።

እውነቱ ግን... የሠራሁት ለእናቴ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ደምለው ይባላል። የቅኔ ተማሪ ነበር። በ1970 ቢቸና ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። እናቴ፣ ስሟ አየሁሽ ነው፣ ያኔ ልጅ እግር ናት፤ አብራው ነበረች። ሊወስዱት ሲሉ በእጁ የያዘውን ጥቁር ጃንጥላ ሰጣት።

"ጥላዬን ያዥልኝ። መጣሁ።"

በእኛ አገር የሚሄድ ሰው "መጣሁ" ነው የሚለው።

አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ እንዳስገቡት ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሬሳውም አልተገኘም።

ዘመድ ሁሉ "ልብሱን ዘርግተን እናልቅስለት፤ እርምሽን አውጪ" ቢላት እናቴ እምቢ አለች። እርሙን ያላወጣ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቁ ይሆን? በር ሲንኳኳ ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች። የጎረቤት ለቅሶ ላይ ትቀመጣለች፤ አታለቅስም። ቤታችንን አስፋፍተን እንሥራ ስንላት "መጥቶ በሩ ቢጠፋበትስ?" ብላ ታስቀራለች።

አርባ ዓመት።

መጋዘኑ ዛሬ ፈርሷል። ቦታው ሚኒባስ የሚዞርበት አቧራማ ሜዳ ሆኗል። አንዲት ድንጋይ እንኳ አልተተከለችበትም። እኔ የተመኘሁት እናቴ በሩን እንድታይ ነበር። በዚህ ገባ... በዚህ ግን አልወጣም... ብላ ቁርጧን እንድታውቅ። አልቅሳ እንዲወጣላት።

ባንተአምላክ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ቢቸና ታሪክ ያስተምራል። ሽማግሌዎችን እየጠየቀ የመጋዘኑን መልክ ነገረኝ። የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰፊ የእንጨት በር። እንደነገረኝ ሠራሁት።

ሰው ግን አልሠራሁም። ይህን ልብ በሉልኝ። አንድም ሰው አልሠራሁም። የማላውቀውን ፊት መፍጠር ነውር መሰለኝ።

ልንሞክረው የወጣን ቀን ስልኬን ወደ ሜዳው አዞርኩ። መጋዘኑ ስክሪኔ ውስጥ ቆመ። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ... ሁሉም በየቦታው።

በሩ ሥር አንድ ሰው ተቀምጧል።

ጀርባውን ሰጥቶናል። መንገደኛ ካሜራው ውስጥ የገባ መስሎኝ ስልኩን ዝቅ አደረግሁ።

ሜዳው ላይ ማንም የለም።

ስልኩን ከፍ አደረግሁ።

አለ።

"ባንቴ፣ ሰው ጨምረህበታል እንዴ?"

"እኔ ስልኬን የምከፍተው እንኳ በልጆቼ ርዳታ ነው" አለኝ እየሳቀ። "ጋኔን መሳብ ካማረሽ እኛው ዘንድ ደብተራ ሞልቶልሽ ነበር። ቻይና ድረስ ምን አደከመሽ?"

ስልኩን ሰጠሁት። አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ሳባ..." አለ በሹክሹክታ። "ጋቢው እየተንቀሳቀሰ ነው።"

ነፋስ ነበር። ሜዳው ላይ አቧራውን የሚያነሳው ነፋስ የሰውየውንም ጋቢ ጫፍ ያነሳዋል። እኔ የሠራሁት በርና ግድግዳ ነፋስ አያውቅም።

ፊቱን ለማየት ዙሪያውን ዞርኩ። በግራ መጣሁ... ጀርባው። በቀኝ መጣሁ... ጀርባው።

ከዚያ ነው ሌላውን ያየሁት። ለሠራሁት ነገር ሁሉ ጥላ ሰጥቼዋለሁ። ጥላ የሌለው ነገር ስክሪን ላይ መሬት የረገጠ አይመስልም። የግድግዳው ጥላ መሬቱ ላይ ተኝቷል። የበሩም አለ።

ሰውየው ጥላ የለውም።

ማታውኑ ሥራዬን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ሰው የሚባል ነገር የለበትም። ስህተት ነው አልኩ። የካሜራ ችግር ነው አልኩ። የተማረ ሰው የሚለውን ሁሉ አልኩ።

በማግስቱ ግን የስክሪኑን ፎቶ ይዤ ወደ ሞጣ ሄድኩ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ስልኩን ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ሰውየው አንገት ላይ አሳረፈች። አንገቱ ወደ ግራ ዘመም ብሏል።

"ቅኔ ሲቆጥር እንዲህ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ዓለምን ረስቶ... አንገቱን ወደ ግራ ጥሎ።"



"እማዬ፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስህተትም ሊሆን ይችላል። አየሽ፣ ጥላ እንኳ የለውም።"

ቀና ብላ አየችኝ። የማላውቀው ፈገግታ ፊቷ ላይ ነበር።

"ስህተት አይደለም፣ ልጄ። ጥላው እኔ ጋ ነው።"

ተነሥታ ገባች። ከሣጥኑ ጀርባ፣ በነጠላ ጠቅልላ የምታኖረውን ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ወጣች።

አትሂጂ ልላት ይገባ ነበር? አላልኩም። ይህን ስመኝ ነው የኖርኩት። ታየዋለች፣ ታለቅሳለች፣ እርሟ ይወጣል... ያልኩት ይህ ነው።

ቢቸና ስንደርስ ፀሐዩ ዘቅዘቅ ብሏል። የሰው ሁሉ ጥላ ረዝሟል። እናቴ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላዋን ለብሳ፣ ጃንጥላውን እንደታጠፈ ደረቷ ላይ አቅፋ ወረደች። ሚኒባስ የሚያስጭን አንድ ጎረምሳ አያት።

"እማማ፣ ዝናቡ እኮ ሰኔ ነው የሚገባው!"

"እኔስ ለዝናብ መች ያዝኩት" አለችው፤ ጓደኞቹ ሳቁበት።

ባንተአምላክ እየጠበቀን ነበር። ጎንበስ ብሎ ሳማት። "እትዬ አየሁሽ፣ ደከመዎት?" አላት። ዓይኗ ሜዳው ላይ ነው።

ስልኩን ከፍቼ ፊት ለፊቷ ያዝኩላት።

መጋዘኑ ቆመ።

ሰውየው አለ። ዛሬ ከበሩ ራቅ ብሎ... ወደ እኛ ቀረብ ብሎ ነው የተቀመጠው። ያው ጀርባውን ሰጥቶ።

"ደምለው" አለች እናቴ። ስትጣራ አይደለም። አጠገቧ ያለን ሰው እንደማናገር ነው።

ያዘነበለው አንገት ቀና አለ።

ስልኩ እጄ ላይ ይግላል። እናቴ ከአጠገቤ ተለይታ ወደ ሜዳው ሄደች። በዓይኔ ሳያት፣ አንዲት ሴት ባዶ አቧራ ላይ ቆማ ጃንጥላ ለነፋስ ታቀብላለች። በስክሪኑ ሳያት፣ እሱ ጀርባ ቆማለች።

እጁ ወደ ኋላ ተዘረጋ። ፊቱን ሳያዞር።

እናቴ ጃንጥላውን ለቀቀችው።

ሲወድቅ አልሰማሁም።

ስልኬን ዝቅ አድርጌ በዓይኔ አየሁ። እጇ ባዶ ነው። መሬቱም ባዶ ነው። መልሼ ስክሪኑን አየሁ... ሰውየው ሥር ረጅም ጥቁር ጥላ ተኝቷል።

የስልኩ ስክሪን ጠፋ።

እናቴ ተመለሰች። አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የነበረው ድካም ታጥቦ ወርዷል፤ ልጅ እግር መስላለች።

"ምን አለሽ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ብቻውን ቅኔ መቁጠር ሰልችቶታል።"



ወደ ሚኒባሱ ተያይዘን ሄድን። እኔ በቀኟ፣ ባንተአምላክ በግራዋ። ፀሐዩ ከጀርባችን ነው። እግሬን እያየሁ ነበር የምሄደው። የእኔ ጥላ ከፊቴ ረዝሞ ይሄዳል። የባንተአምላክም እዚያው ይሄዳል።

በሁለቱ ጥላዎች መካከል፣ የእናቴ ጥላ ሊሆን በሚገባው ቦታ፣ ፀሐይ ብቻ ነበር።

ቀና ብዬ ባንተአምላክን አየሁት። እሱም መሬቱን እያየ ነበር። ከንፈሩ ነጥቷል። እጇን ጨምቄ ያዝኩ። ሞቃት ነው። የእናቴ እጅ ነው። ዓይኔ ነው አልኩ... ድካም ነው አልኩ...

የሚኒባሱ በር ላይ ስንደርስ እጇን ከእጄ አወጣች። ጉንጬን ዳበሰችው።

"ቦታ ያዥልኝ፣ ሳባዬ። መጣሁ።"

ገባሁ። መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አኖርኩ። አንድ ሰውዬ "ባዶ ነው?" አለኝ።

"ሰው አለበት" አልኩት።

ሚኒባሱ ሞላ። ሹፌሩ ገባ። እናቴ የለችም። ወረድኩ። ባንተአምላክ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ሜዳው ያያል። ነጠላዋ ካጠገቡ ሲያልፍ ክንዱን ነክቶታል፤ ዘወር ሲል አልነበረችም። ይህን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ለፖሊስ አመለከትን። ጠበል ቦታዎችን ዞርን። ጉንደ ወይን ሄድኩ፤ መርጡለ ማርያም ገዳሙ ድረስ ፎቶዋን ይዤ ሄድኩ። ያየ የለም። ዘመዶቼ ክረምቱ ሲገባ ሞጣ ቤታችን ተሰበሰቡ። አክስቴ ወይንእሸት ጭንቅላቴን እቅፏ ውስጥ አድርጋ "ልጄ፣ ልብሷን ዘርግተን እናልቅስላት" አለችኝ።

እምቢ አልኩ።

"እንደ እናትሽ ልትሆኚ ነው?" አለችኝ። እሷ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

እንዴት ላልቅስ? ስልኳ ይጠራል። ስደውልላት እስከ ዛሬ ይጠራል፤ አይነሳም። ቻርጀሯ ሞጣ፣ አልጋዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው።

በዚህ በነሐሴ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ተመልሼ ቢቸና ሄድኩ። ባንተአምላክ አልመጣም። በዚያ ሜዳ በኩል ማለፍ ትቷል።

ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ነጠላዬን ስልኩ ላይ አጥፌ ከፈትኩት።

ሁለት ናቸው።

ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በአንድ ጥቁር ጥላ ሥር ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የአንዱ አንገት ወደ ግራ ዘመም ብሏል። የሌላኛዋ ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነው።

"እማዬ" አልኩ።

አልዞረችም።

ደወልኩላት። ጆሮዬ ላይ ይጠራል... ስክሪኑ ላይ በነጠላዋ ሥር፣ ወገቧ አካባቢ፣ ትንሽ ብርሃን በራ። ጠራ... ጠራ... ጠራ... ጠፋ። ብርሃኑም ጠፋ።

ስልኩን ዝቅ አድርጌ ሜዳውን በዓይኔ አየሁት። ጭቃ፣ ኩሬ፣ ዝናብ። በመሀሉ ግን አንድ ክብ መሬት ደረቅ ነው። አቧራው እንደ ሚያዝያ አቧራ ነጭ ነው። ስፋቱ ከአንድ ጃንጥላ አይበልጥም። ዝናቡ እዚያ ላይ አይወርድም።

አንድ ሚኒባስ ለመዞር ወደ ኋላ መጣ። ጎማው ወደ ደረቁ መሬት ሲቃረብ ሮጬ ኋላውን በመዳፌ መታሁት።

"ቁም! ሰው አለበት!"

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቦታውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ሊሳደብ ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋው። በሌላ በኩል ዞረ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። መልእክት ስልክላት ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል አንብባ፣ ከዚያ አንድ ቃል ትመልስልኛለች። "እሺ።" ሁልጊዜ "እሺ" ናት።

ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ጻፍኩላት።

"እማዬ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ።"

ደርሷል ይላል።

አልመለሰችልኝም።