ቢቸና የቀረችው ግማሽ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ሰው ሳይ የምስቅ፣ ሕልም እንኳ የማላስፈታ ሴት፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ አበደች እንዳትሉኝ።

እጮኛዬን ሙሉቀንን የተዋወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ስንማር ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ሥራችን ካርቦን ማብቀል ነበር፣ አዎ፣ ማብቀል! አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብረት በርሜል ውስጥ ሌዘሩ ተክ፣ ተክ እያለ ጥቁሩን ካርቦን ይመታዋል፣ የተመታው ይተንና ፊት ለፊቱ ባለ መስታወት ላይ ያርፋል፣ እዚያም ከፀጉር በብዙ እጅ የቀጠነ ነገር ሆኖ ያድጋል። ስንመረቅ ሙሉቀን የመጨረሻዋን መስታወት በአልማዝ ጫፍ ጭሮ ለሁለት ከፈላት፣ "ቀለበት እስክገዛልሽ" ብሎ ግማሿን ሰጠኝና ግማሿን ይዞ ሞጣ ተመደበ፣ እኔ ቢቸና። አከራዬ እትዬ ዘውዴ አይተዋት "ገበሬው ጤፍ ያበቅላል፣ እናንተ ይህን ሁሉ ተምራችሁ ከሰል?" ብለው ስቀውብኛል።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ተቋረጠ። ናፈቀኝ፣ እመኑኝ፣ ናፍቆት እንዲህ አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ አላውቅም ነበር፣ ሞጣ ይህችው ናት፣ ግን ወሬውን እንኳ የሚያመጣልኝ አጣሁ። በየቀኑ መስታወቷን ብርሃን ላይ ይዤ ጣቴን በውስጧ አሻግሬ አየው ነበር፣ ስስ ናት፣ ጭስ የነካት ነው የምትመስለው።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ መብራት እንኳ በሌለበት፣ ከጠረጴዛው ተክ፣ ተክ፣ ተክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆርቆሮው ሞቆት ነው አልኩ፣ ጆሮዬን ሳስጠጋ ግን ከመስታወቷ ነው። አነሳኋት፣ ጣቴ አልታየኝም። በጨርቅ ብፈትጋት አቧራ አይደለም፣ ጠቁራለች፣ በቅሎባታል!

መደንገጥ ሲገባኝ ደስ አለኝ፣ ሙሉቀን ነው አልኩ፣ እያሰበኝ ነው፣ "በል ቀጥል" እያልኩ እንደ ሞኝ አለቀስኩ። በየቀኑ ድምፁ አለ፣ በየቀኑ ትጠቁራለች። ቆይቶ ግን ለተማሪ የማስረዳው ነገር ትዝ አለኝ፣ መስታወት ላይ ቅንጣት የምትጨመረው ሌዘሩ ከወዲያ ካለው ካርቦን ሲበላ ነው፣ ከምንም የሚበቅል የለም።

መንገዱ ሲከፈት እትዬ ዘውዴ ለልቅሶ ሞጣ ሄዱ፣ ሙሉቀንንም ጠይቀውልኝ ተመለሱ። ገና ከደጅ ሳይገቡ "እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ደኅና ነው ልጄ፣ ሰላም በሉልኝ ብሏል፣ ብቻ ከስቷል፣ እንዲያው ምን እንደሚበላው እንጃ።"

ሲነጋ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። ድምፁ ይኸው ዛሬም አለ፣ አቁም ልለው አፌን እከፍታለሁ፣ ግን ካቆመ መኖሩን በምን አውቃለሁ?