ቀጥ ያሉት ሁለት ብሎኖች

ሊዮፖል ክሎሴ ሐሙስ ጠዋት በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከብረት ምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ጠረጴዛቸው ላይ የጥምቀት መዝገብ ቅጂዎችና የዘር ሐረጋቸው የተሳለበት ሰፊ ወረቀት ተበትኗል። አንድ ሞረድም ከመሳቢያ ወጥቶ ተቀምጧል።

ግድግዳው ላይ የኔሶንቮ መንደር ሰው ሁሉ የሚኮራበት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ተሰቅሏል። የአፈሙዞቹ ብረት እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ የተቀጠቀጠ ነው። የሠሩት የጠመንጃ ሠሪው የአርማን ራዱ አያት ናቸው እየተባለ መቶ ዓመት ተወርቷል፤ እሑድ ደግሞ ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ ድልድዩ አጠገብ ሊገለጥ ነው። ሊዮፖል ጠመንጃውን በአደራ የወሰዱት ለበዓሉ ጽሑፍ ሊያዘጋጁ ነበር።

መርማሪ ኖኤላ ስቴቫር መቀመጥ አልሆነላትም። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፣ እሷ ከበር እስከ ምድጃ ትመላለሳለች። የሊዮፖል የእህት ልጅ ኦዲል፣ ነርስ ናት፣ ረቡዕ ከአጎቷ ጋር መጨቃጨቋን አልደበቀችም፤ «ሙታንን ለቀቅ አድርገህ ከሕያዋን ጋር ራት ብላ» ስትል ነግራቸው ነበር። የጥንት ዕቃ ነጋዴው ኡቤር ረቡዕ ቀትር ላይ መጥቶ ጠመንጃውን በዓይኑ ብቻ አይቶ መሄዱን ተናገረ። ሽማግሌው አርማን ግን ከክረምቱ ወዲህ ደጃፉን አልረገጥኩም አሉ።

ኖኤላ የሟቹን ካሜራ ከፍታ ረቡዕ ከሰዓት የተነሳውን የጠመንጃውን ፎቶ አየች። ከዚያ ግድግዳው ጋ ሄዳ ቆመች፤ ተመልሳም ፎቶውን አየች። ካቻቢቴ ፈልጋ ከአፈሙዙ ሥር በሁለት ብሎን የታሰረውን እንጨት ፈታች። ያየችውን ለማንም ሳትናገር መልሳ አሰረችው።

ማምሻውን ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ እያንዳንዳቸው እንጨቱን ፈተው እንዲያስሩት ጠየቀች። ኡቤር ይሄ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው እያለ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ፈታ።

ኦዲል የብሎኖቹን ራስ ስንጥቆች ወዲያና ወዲህ እንዳዘነበሉ ተወቻቸው። ኡቤር እስኪጮኹ አጠበቃቸው። አርማን እየተወራ ያለውን እያዳመጡ፣ እጃቸውን እንኳ ሳያዩ አሰሩና ካቻቢቴውን አስቀመጡ። በብሎኖቹ ራስ ላይ ያሉት ስንጥቆች ሁለቱም ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ብለው ትይዩ ሆነዋል።

ኖኤላ ፎቶውን አጠገቡ አስቀመጠች። «ሙሴ ሊዮፖል ረቡዕ ፈተውት ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ እንጂ ጠመንጃ ሠሪ አልነበሩምና ሲያስሩት የብሎኖቹን ስንጥቅ አጣመሙ፤ ይኸው ፎቶው። ዛሬ ጠዋት ግን ቀጥ ብለው አገኘኋቸው። በመካከሉ ሌላ ሰው ፈቶ አስሮታል ማለት ነው። የእኔም አያት ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ፤ የብሎን ስንጥቅ አጣምሜ ስተው ጣቴን በካቻቢቴ ይመቱኝ ነበር። ይህን ልማድ እጅ አይረሳውም፣ ሙሴ አርማን።»

አርማን ጠመንጃውን እንጂ እሷን አላዩም።

«ከእንጨቱ ሥር ብረቱ ላይ የተመታው የሠሪው ማኅተም የአያትዎ አይደለም» አለች ኖኤላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የማሪ ካትሪን ክሎሴ ነው። ባሏ ሲሞት የጠመንጃ መሥሪያ ምድጃውን የተረከበች መበለት፤ የሙሴ ሊዮፖል ቅድመ አያት። መዝገቡ ውስጥ ያገኟት እሷን ነው።»

«ረቡዕ ማታውኑ ደውሎ ጠራኝ» አሉ አርማን። «ድንጋዩ ይገለጥ፣ እኔ ስሞት ትጽፈዋለህ ብዬ ለመንኩት። እሷስ ስንት ዓመት ትጠብቅ አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት፣ ልጄ።»

ኦዲል ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ኖኤላም ለሽማግሌው አዘነችላቸው፤ ይህን መደበቅ አልቻለችም።

«ከዚያ ሞረዱን አወጡ። ማኅተሙ በሁለት ደቂቃ ይጠፋ ነበር። ለምን ተዉት?»

አርማን የተጎነጎነውን ብረት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ሞረዱን አስጠግቼ ነበር። አያቴ እንዲህ አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ አባቴም፣ እኔም። እጄ እንቢ አለኝ።»