እጁን ያወጣ ዕለት

ይግዛውን መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ነው።

ዘመኑ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። አዲስ አበባ፣ በምክር ቤቱ የአንድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። የዚያን ቀን አንድ ወጣት እንደራሴ ተነሥቶ ንግግሩን እንደ ዶፍ ያወርደው ጀመር። ተከተልኩት፣ ተከተልኩት… አቃተኝ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ጆሮዬ ደርሶብዎታል፣ እጄ ግን አልደረሰም!»

ኮሚቴው በሙሉ ሣቀ፤ ሊቀ መንበሩም ሳይቀሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! እሱ ብቻ አልሣቀም።

«ይቅርታ እመቤቴ» አለና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ ደገመልኝ።

ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ጠበቀኝ።

«አነጋገርሽ ጎጃም ጎጃም ይላል።»

«ቢቸና ነኝ። ይርጋነሽ እባላለሁ፣ የመሪጌታ ሣህለ ማርያም ልጅ።»

«እኔ እኮ የሞጣ እንደራሴ ነኝ! የአገሬ ልጅ ነሻ!»

ያን ቀን ታይፕ ስመታ ስሙ በመጣ ቁጥር ጣቴ ይቆም ነበር።

ኮሚቴው የያዘው የእርሻ ግብር ረቂቅ ነበር። አንቀጽ በአንቀጽ ይነበባል። ከሚኒስቴር የመጡት ያስረዳሉ፤ እንደራሴዎቹ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ማሻሻያ ያቀርባሉ። ኮሚቴው ከተቀበለው ለሙሉው ጉባኤ ይቀርባል፤ ካልተቀበለው እዚያው ሊቀር ይችላል። በሩ ዝግ ነው። እነሱም እኔም ከውስጥ የሰማነውን ወደ ውጭ ላናወጣ ምለናል።

አገር ቤት ሰዉ የፈራው አንዱን አንቀጽ ነው፤ መሬት እየተለካ ይገመት የሚለውን። አባቴ፣ «ልጄ፣ የመለኪያው ገመድ ከገባ ርስታችንን ወሰዱት ማለት ነው» ይሉኝ ነበር።

ይግዛው ያንን አንቀጽ ሲቃወም መስማት ነበር!

«በረዶ አዝመራውን ሲመታው ማን ጎበኘው? ከብቱ ሲያልቅበት ማን ካሰው? ዛሬ ገመድ ይዘን ምን ብለን ነው ደጁን የምናንኳኳው?»

እየጻፍኩ እንባዬ ይመጣ ነበር። የቢቸናው እንደራሴ ፊታውራሪ ወልደ ሰንበት ግን አረጋዊ ናቸው፤ ብዙም አይናገሩም። ይግዛው «ፊታውራሪ ዛሬም አንቀላፉ?» እያለ ያሥቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ሸኝቶኝ ስንሄድ መንገድ መሐል ቆመ።

«ይርጌ… ከፋሲካ በኋላ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«አንቀጹስ?»

«እኔ እያለሁ አያልፍም። በሞጣ ጊዮርጊስ!»

ሳቅሁም አለቀስኩም።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን መጣ። ሊቀ መንበሩ ተነሡ።

«አንቀጹ ይለፍ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

አራት እጆች ወጡ። አባላቱ ዘጠኝ ናቸው። እፎይ ልል ስል… ይግዛው ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። ወደኔ አላየም።

ፊታውራሪ ወልደ ሰንበት ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ አልተቀበልኩም። ልጄ፣ ስሜን መዝግቢልኝ» አሉኝ።

መዘገብኩ።

«ለምን?» አልኩት ይግዛውን ውጭ ሳገኘው።

«ይርጌ ስሚኝ። እኔ እንቢ ብልም የሚኒስቴሩ ሰዎች ሌላ ሰው ያገኛሉ። ከተስማማሁ ግን ለሞጣ ሐኪም ቤት ይሠራል ብለውኛል። ስንት እናት በወሊድ ትሞታለች!»

ልቤ ቆሰለ። ግን ስንት እናት እንደምትሞት እኔም አውቃለሁ። የራሴን እናት የቀበርናት እንደዚያው ነው።

«ይሁን» አልኩት። «ግን ለሰዉ አንተው ራስህ ንገራቸው። ይህን አደረግሁ፣ በዚህ ምክንያት ነው በላቸው።»

«እነግራቸዋለሁ። ቃሌ ነው።»

አመንኩት።

ከፋሲካ በኋላ ፈቃድ ወስጄ ቢቸና ገባሁ። ይግዛውም ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። የገበያ ቀን ነበርና ሕዝቡ ከበበው። የረቂቁ ወሬ ደርሶ ኖሮ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማን ነው ያሳለፈብን?

እሱ ድንጋይ ላይ ወጣ። እኔም ከአባቴ ጎን ቆሜ አሁን ሊነግራቸው ነው ብዬ ልቤ ይመታል።

«እኔ እስከ መጨረሻው ተከራክሬአለሁ!» አለ። «እጁን ያወጣ ሰው ከፈለጋችሁ ከዚሁ ከቢቸና ፈልጉ። ወደ ምክር ቤት የላካችሁት አዛውንት ነው!»

የማን ድምፅ ነው? ያ ቀስ ብሎ የደገመልኝ ሰው ነው? ሕዝቡ እየጮኸ ወደ ፊታውራሪ ቤት መንገድ ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከአባቴ ጋር ወደ እኛ ቤት አመሩ። ይግዛውን ከአጥሩ ጥግ ያዝኩት።

«ሩጥ! እውነቱን ንገራቸው!»

«ብነግራቸው ይገድሉኛል። እሳቸው አርጅተዋል፣ ከእንግዲህ ሹመት አይፈልጉም። ምን ይጎድልባቸዋል?»

«ይግዛው!»

«አንቺም አፍሽን ያዢ። የኮሚቴ ምስጢር ነው፤ ምለሻል።»

«አንተ አደባባይ ላይ ስትናገረው ምስጢር አልነበረም?»

እኔም ትቼው ወደ ቤት ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ አባቴ መልስ ሊሰጡ ጉሮሮአቸውን እየጠረጉ ነው።

«አባባ፣ ይቆዩ» አልኩ። «ያንን አንቀጽ ያሳለፈው እሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

አባቴ አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ። ተከተልኳቸው።

ስንደርስ የፊታውራሪ ጎተራ ይነዳል። አዛውንቱ ደጃቸው ላይ ቆመዋል፤ አንድ ቃል አይናገሩም።

«ተዉ! እሳቸው አይደሉም!» ብዬ መሐል ገባሁ። የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ።

«ተጣልታው ነው!» አለ አንዱ። «የሴት ቂም ነው!» አለ ሌላው።

አባቴ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ።

«እንግዲያው እንደራሴው ደጀ ሰላም ይምጣና ይማል። ከማለ ልጄን እኔው ከቤቴ አወጣታለሁ።»

አመጡት። ቄሱ ወንጌሉን ዘረጉለት።

«እምላለሁ…» አለ። እጁን ዘረጋ። «እምላለሁ…»

እጁ ወንጌሉ ላይ አላረፈም። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ሽማግሌዎቹን ዞሮ ሳያይ፣ «በቅሎዬን አምጡልኝ» አለ።

ማንም አልነካው። በፊቴ ሲያልፍ «ይርጌ…» አለኝ። ፊቴን አዞርኩ። የወደድኩትን ሰው በጀርባው እንኳ ማየት አልፈለግሁም።

ፊታውራሪን ጠየቅኋቸው። «ጌታዬ፣ ጎተራዎ ሲቃጠል ለምን አልተናገሩም?»

«ምዬ የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ ራሴን ዳሰሱኝ። «አንቺ ስለ እኔ መሐላሽን አፈረስሽ። እግዜር ይፍታሽ።»

ያን ሳምንት ያቃጠሉት ሰዎች ራሳቸው ጎተራውን አቁመው እህል ሞሉላቸው።

መሥሪያ ቤቴ ሰማ፤ ምስጢር አውጥታለች ተብዬ ተባረርኩ። እውነት ነው፣ አውጥቻለሁ፤ አልተከራከርኩም። ቢቸና ትምህርት ቤት መምህርት ሆኜ ገባሁ። ረቂቁ አዋጅ ሆነ። በግብሩ የተነሣ አገሩ ሲታመስ ይግዛው አዲስ አበባ ቀረ። በሚቀጥለው ምርጫም ሞጣ ላይ ድምፅ የሰጠው አልተገኘም።

ከዓመታት በኋላ ለአክስቴ ለቅሶ ሞጣ ሄድኩ። ልመለስ በቅሎዬን ስጭን ከኋላዬ አንድ ሰው ቆመ። ጠጉሩ ሸብቷል።

«ይርጋነሽ… አገባሽ?»

«አግብቻለሁ። መምህር ነው፣ የወሎ ሰው። ልጅም አለን።»

«ደግ ሰው ነው?»

«ዋሽቶኝ አያውቅም።»

አንገቱን ደፋ። «ያን ቀን እጄን ባላወጣ ኖሮ…»

«እጅህን ስታወጣማ አልቅሼ ይቅር ብዬህ ነበር፣ ይግዛው። ሽማግሌዎችህ ቢቸና ሲገቡ እኮ ልቤ ደስ ብሎት ነበር… አንድ ንጹሕ ሰው ለእሳት ሰጥተህ ልታገባኝ መጣህ። ያንን አልቻልኩም።»

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እስክወጣ ድረስ የበቅሎዬን ልጓም ያዘልኝ፣ ከዚያ ለቀቀው።

በማግሥቱ ቢቸና ስደርስ ባሌ ልጃችንን ትከሻው ላይ አድርጎ ከከተማው ዳር ይጠብቀኝ ነበር።

«ዓይንሽ ቀልቷል። ለአክስትሽ ነው?»

«ለእሷ ብቻ አይደለም» አልኩት።

ከበቅሎዬ ወርጄ ጎን ለጎን እየሄድን ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት።