ጎጆ ያልሠሩ ትሎች

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሁለት ወር ዘገየ። የሐር ትሎቹ የሚበሉት ጉሎ ቅጠሉን አራገፈ። ከሦስቱ የትል ክፍሎች ሁለቱ ተዘጉ። ሠራተኞቹ ተሰናበቱ። ሥራው ለቤቱ ሰው ብቻ ቀረ፤ ለአባት፣ ለሴት ልጁና ለሟች እህቱ ልጅ።

የእህቱን ልጅ ቀጮ ይሉታል። ከልጅቷ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ ግን ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት እሷ የትሎቹን ክፍል በር ሳትዘጋ ሄዳ ጉንዳን ትሎቹን ሲጨርስ፣ «እኔ ነኝ» ያለው እሱ ነው። አባቷ ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት አስቀረው። ቀጮ ነገሩን አንስቶባት አያውቅም። የከበዳትም ይኸው ነው።

ዘንድሮ የግብርና ባለሙያዋ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት አመጣችላቸው። ቅጠሉ ላይ አንዴ ብቻ፣ በጣም ጥቂት ከተረጨ ትሎቹ አንድ ቀን ጨምረው ይበላሉ፤ ሐራቸው ይበረክታል። የረጨ ሰው በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል።

ትሎቹ ከሐራቸው ጎጆ ሠርተው የሚለወጡበት ቀን መጣ፤ አለፈም። አሥር ቀን ተቆጠረ። አሁንም ይበላሉ። ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ ያለ ድምፃቸው ልጅቷን እስከ ምሳ ጠረጴዛ ይከተላታል። ጣት አክለዋል። አንዳንዶቹ መለወጥ ጀምረው መሐል ላይ ቀርተዋል፤ ከፊት ትል፣ ከኋላ ሌላ ነገር፣ ጎናቸው ላይ የክንፍ ጉቶ። የሞቱ ይመስላሉ፤ ስትነካቸው ግን ይንቀሳቀሳሉ።

ባለሙያዋ አንዱን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችው። ከዚያ አስረዳቻቸው። ትሉ ውስጥ «ተለወጥ» የሚል ሆርሞን አለ፤ «ቆይ» የሚልም አለ። «ተለወጥ» የሚለው ብቻውን ሲመጣ በየአካሉ የተኙት ዘረመሎች በተራ ይነቃሉ። እዚህ ክንፍ ይሠራል፤ እዚያ አሮጌው ሆድ ይፈርሳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው «ቆይ» የሚለው ነው።

«ሁለቴ ተረጭቷል» አለች። «የትኛውን ትእዛዝ እንደሚሰሙ ጠፍቷቸዋል።»

አባት ወረቀቱን አየ። አንድ ምልክት አለ፤ የቀጮ ነው። ቀጮ አንዴ ብቻ እንደረጨ ተናገረ። ማንም አላመነውም።

«በል ደብተርህን ስቀል» አለው አባት። «ዓመቱን እዚሁ ትሠራለህ።»

ልጅቷ ታውቃለች። ቀጮ በረጨበት ቀን ጠዋት እሷም ረጭታለች። ጓደኞቿ ከውጭ ሲጠሯት ምልክቱን ሳታደርግ ሮጠች። ከሰዓት እሱ መጣ፤ ወረቀቱ ባዶ ነበር።

ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ሁለት ቀን ዝም አለች። ክፍል ውስጥ አጠገቧ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው። መምህሩ የቀጮን ስም ሲጠራ እሷን ያያታል። በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ቀጮ ግማሽ የተለወጡትን እየለቀመ ባልዲ ውስጥ ይጨምራል።

«እያቸው፣ ክፍል ደገሙ» አላት እየሳቀ። «ዘመዶቼ ናቸው።»

አልሳቀችም። አባቷ ጓሮ ችግኝ ያጠጣል። ፊቱ ቆማ ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ ሳይጠይቃት የጉንዳኑንም ነገረችው። አባቷ የውሃ ባልዲውን አስቀመጠ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ አያት።

«ያኔ እሱ ቀርቶልኛል፣ አባዬ» አለች። «አሁን እኔ ልቅር።»

ሰኞ ጠዋት ደብተሮቹን ከቁም ሳጥን አውጥታ ለቀጮ ሰጠችው።

«አንቺስ?»

«እኔ እስከሚመጣው ዓመት ቅጠል አለብኝ።»

ሊናገር አፉን ከፈተ። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገችለት።

«ይረፍድብሃል፣ ሂድ» አለችው፤ ቅርጫቷንም አንስታ ወደ ጉሎው ወረደች።