በባዶው መስመር ላይ

ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። የምነግራችሁ ግን በገዛ ዓይኔ ያነበብኩትን ቁጥር ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ውጭ ፀሐይ ወጥታለች። እኔ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ያለፈው የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ምድር ቤት ነኝ።

የመብራት ሠራተኛ ነኝ። ከታላቅ እህቴ ባል ጋር ነው የምሠራው። ቶሎ ስለሚቃጠል ሰው ሁሉ "ፊውዝ" ይለዋል። እኔ ግን "ጋሼ" ነው የምለው... እህቴን እፈራለሁ።

ሥራው ቀላል ነበር። ቤቱ ባዶ ነው፣ ቆጣሪው ግን ይዞራል። መለኪያዬን ዋናው ሽቦ ላይ አስሬ መስመሮቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ስነቅለው ቁጥሩን ዜሮ ያደረገው መስመር፣ ሌባው እሱ ነው።

ጋሼ ከላይ፣ ዋናው ማብሪያ ጋ ቆመ። እኔ ታች። ግንባሬ ላይ ባትሪ፣ ቀኝ እጄ ሥራ ላይ፣ ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ። የሙያችን ሕግ ነው። ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ልብን ያገኛል።

የማሽኖቹን ነቀልኩ። የአምፖሎቹን ነቀልኩ። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ሽቦ ቀረ... ነቀልኩት።

ከኋላዬ ቀጭ አለ።

የበሩ ሽቦ ነበር! ያለ ኤሌክትሪክ የማይከፈተው የብረት በር። በገዛ እጄ ራሴን ቆለፍኩ። በራሴ ሳቅኩ።

ከዚያ መለኪያውን አየሁ።

0.22 አምፔር።

ሁሉም ተነቅሏል። ታዲያ ማን ነው የሚበላው?

የሚበላው ነገር ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ ለማወቅ 220 ቮልቱን ለ0.22 አካፈልኩት። አንድ ሺህ ኦም። ቮልቱንና አምፔሩን ደግሞ አባዛሁ። አርባ ስምንት ዋት ገደማ። የአንድ ደብዛዛ አምፖል ያህል።

አምፖል ግን አልነበረም።

አንድ ሺህ ኦም... የማሠልጠኛ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ የጻፈችው ትዝ አለኝ። "የረጠበ ሰው፣ በግምት አንድ ሺህ ኦም።"

ሽቦው ላይ ሰው አለ።

ደወልኩ። "ጋሼ... ሽቦ የነካ ሰው አለ?"

"ማን ይነካል? ብቻዬን ነኝ። ምን ያንሾካሹክሃል?"

"አጥፋው። የበሩን ሽቦ መልሼ ልሰር።"

"አጠፋሁ።"

0.22።

"ጋሼ... አልጠፋም።"

"አጥፍቼዋለሁ እኮ! እያየሁት!"

ስልኩ ተቋረጠ።

ሽቦውን ብነካ እሞታለሁ። ካልነካሁ አልወጣም።

አዲስ የሳሙና ሽታ ሸተተኝ። ቅድም ደርቆ የነበረው ወለል ጫማዬ ሥር ረጥቧል።

ጠብ... ጠብ...

በሩን ደበደብኩ። "ጋሼ! አውጣኝ!"

የመጣው ይምጣ አልኩ። ሽቦ ለማሰር ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ግራ እጄን ከኪሴ ሳብኩ።

አልወጣም።

እንደገና ሳብኩ። የሆነ ነገር ይዞታል... ቀዝቃዛና እርጥብ።

መለኪያው ተቀየረ። 0.44።

ማካፈል አልፈለግኩም። አእምሮዬ ግን ልማዱ ነው፣ አካፈለው። አምስት መቶ ኦም። ሁለት አንድ ሺዎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ የሚሰጡት ልክ።

እኔም ተቆጥሬያለሁ።

ጋሼ በሩን በብረት መጋዝ ቆርጦ ሲገባ ቆሜ አገኘኝ። እንደ ልጅ አቀፈኝ። ከዚያ ወደ ታች አየ።

"ኪስህን ምን አራሰው?"

ኪሴ ውስጥ፣ ጣቶቼ መሃል የገቡት ጣቶች አንድ በአንድ ሲላቀቁ እየቆጠርኩ ነበር።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...

አምስተኛው ዛሬም አልለቀቀኝም።